አርባው እስኪወጣ

ትራምፔቱን ቤት ይዤ በገባሁ ማግስት ሰፈሩን በሙሉ ለለቅሶ አስወጣሁት።

ቀልድ አይደለም። ጠዋት ነው፤ ሰው ገና ፊቱን አልታጠበም። አስተማሪያችን «የጠዋት ትንፋሽ ንጹሕ ነው፤ ከቁርስ በፊት ንፉ» ብለውናል፤ እኔ ደግሞ ያኔ የተባልኩትን ሁሉ የማምን ሞኝ ነበርኩ። ደጃፋችን ላይ ቆሜ አንድ ረዥም ድምፅ ለቀቅሁ። ሁለተኛውን ልደግም ትንፋሼን ስስብ በሮች ሲከፈቱ ሰማሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ። «ማን ነው? ኧረ ማን ነው የሞተው?»

እኛ ሰፈር በጠዋት ጡሩምባ ከተነፋ የዕድሩ ለፋፊ ነው። ለፋፊው ከነፋ ደግሞ ሰው ሞቷል። አቃቂ ከፋብሪካው ጀርባ ተወልዶ ይህን የማያውቅ የለም፤ እኔም አውቃለሁ፤ ግን እጄ ላይ ያለው ነገር ለእኔ ትራምፔት እንጂ ጡሩምባ ስላልነበር ጭራሽ አልመጣልኝም።

«ታዲያ ሟቿ ይቺ ናት?» አሉ አንድ ሽማግሌ የታቀፍኩትን ነሐስ እያዩ።

ሰው በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ነጠላዋን አስተካክላ በዓይኗ ብቻ ወደ ቤት አስገባችኝ።

ከሁሉ በላይ የሳቀው የጎረቤታችን ልጅ ነው። እናቱና እናቴ የልብ ወዳጆች ናቸው፤ አንድ የጭቃ ግድግዳ እንጋራለን፤ እነሱ ቤት ሲያስነጥሱ እኛ «ይማርህ» እንላለን። እሱ የእኔ እኩያ ነው። ትምህርቱን ከስምንተኛ ጥሎ በተሳቢ መኪና ረዳትነት ጅቡቲ ይመላለሳል። ያን ቀን ግድግዳውን በመዳፉ እየመታ «አንቺ፣ ነገ ደግሞ ማንን እንቅበር?» ሲለኝ ዋለ። እኔ እናደዳለሁ፤ እሱ ደስ ይለዋል። እናቱ ናቸው የገላገሉኝ።

«ተዋት! ለእንጀራዋ ነው የምትነፋው። አንተ ክላክስ ስታደርግ ማን ምን አለህ?»

የዕድሩ ዳኛ እናቴን ጠርተው ተነጋገሩ። ውሳኔው አጭር ነበር፤ ጠዋት ክልክል፣ ድንኳን በተጣለበት ቀን ክልክል፣ ከምሳ በኋላ እንደ ልቧ። እኔም በዚያው ተስማማሁ።

እንዴት ሙዚቃ ውስጥ እንደገባሁ የሚጠይቀኝ ሰው አሁንም አለ። አሥረኛ ክፍል ላይ ያመጣሁት ውጤት ለመሰናዶ አልበቃኝም፤ ስለዚህ ቴክኒክና ሙያ። ጓደኞቼ ሒሳብ አያያዝ፣ ኤሌክትሪክ፣ ልብስ ስፌት ሲሉ እኔ ሙዚቃ አልኩ። ልጅ ሳለሁ በበዓል ቀን አስፋልቱ ላይ የማርሽ ባንድ ሲያልፍ አይቻለሁ። የትራምፔቱ ድምፅ ከጆሮዬ በፊት ሆዴ ውስጥ ነበር የገባው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር መሆን ፈልጌ አላውቅም፤ ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

«ሴት ልጅ ጡሩምባ! ወይ መድኃኔ ዓለም ምን በደልኩህ?» አለች እናቴ። አባቴ ገና ልጅ ሳለሁ አርፏል፤ እሷን የሚያጽናና አልነበረም። ሁለት ቀን ካኮረፈችኝ በኋላ ግን መታወቂያ የማወጣበትን ፎቶ ልታስነሣኝ ራሷ ይዛኝ ሄደች። እናቴ እንዲህ ናት፤ ቀድማ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ታደርገዋለች።

ሙዚቃ ክፍል የምንለው የድሮ ዕቃ ግምጃ ቤት ነበር። ፒያኖው ግማሽ ጥርሱ ረግፏል። በአንድ ትራምፔት ሦስት ሆነን ነው የተማርነው፤ አንዱ ሲነፋ ሁለታችን በባዶ አየር ላይ ጣታችንን እንጫናለን። አፉን በአልኮል ጥጥ እየጠረግን እንቀባበላለን። ሌላው ክፍል ብየዳ ነበርና ስንነፋ እነሱ ብረት ይቆርጣሉ፤ ስንቱን ኖታ ከመጋዝ ጋር እንዳጠናሁት እኔ ነኝ የማውቀው። በመጨረሻው ዓመት አንዱ ልጅ ትምህርቱን ጥሎ ጠፋ፤ ለሌላው ዘመዱ ከውጭ የራሱን አመጣለት። መሣሪያው እስከ ምዘናው ድረስ ቤት ይዤው እንድገባ የተፈቀደልኝ ያኔ ነው።

አስተማሪያችን በድሮው ጦር ሠራዊት ባንድ የነፉ ሰው ናቸው። ሠራዊቱ ሲፈርስ እሳቸውም አብረው ፈረሱ፤ ራሳቸው ናቸው እንዲህ የሚሉት። ጥቂት ነው የሚናገሩት። የማይለወጥ አንድ ምክር ነበራቸው።

«ከንፈር እንደ በሬ ነው። ካልጠመድሽው ይሰባል፤ የሰባ በሬ ደግሞ ለሥጋ እንጂ ለእርሻ አይሆንም።»

አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ አስቆሙኝ። አንድ የማርሽ ባንድ ትራምፔት ነፊ እየፈለገ ነው፤ አለቃው የድሮ ባልደረባዬ ነው አሉኝ። «የብቃት ምዘናውን እለፊና ነይ። እጅሽን ይዤ ነው የማስገባሽ። ያለ ምስክር ወረቀት ግን እኔም አፌን አልከፍትም።»

ያ ምዘና፣ እኛ ሲኦሲ የምንለው፣ ለእኔ የሞት ሽረት ነገር ነበር። ከዚያ ሌላ በር አልነበረኝም። ሠርግ ቤት እንደሆነ አንድ ሰው ኦርጋን ይዞ ይመጣና ከበሮውንም ሳክስፎኑንም ትራምፔቱንም በጣቱ ያስጮኸዋል። ሰውም ይጨፍርለታል። ማን ትራምፔት ነፊ ይቀጥራል? ደንብ ልብስ ለብሶ በሰልፍ የሚሄደው ባንድ ብቻ ነው የቀረን። እናቴም ደንብ ልብስ የሚለውን ስትሰማ ልቧ ራራ፤ የመንግሥት ሥራ ነዋ።

ስለዚህ ከምሳ በኋላ ደጃፋችን ላይ እነፋለሁ። ጎረቤታችን እትዬ የግድግዳቸው ጥግ ላይ በርጩማ አውጥተው ምስር ይለቅማሉ። አንድም ቀን «ጎበዝ» ብለውኝ አያውቁም፣ አንድም ቀን «በቃሽ» ብለውኝም አያውቁም። ልጃቸው ከጅቡቲ ሲመለስ መኪናው በዋናው መንገድ ሲያልፍ የእኔን ሰዓት ያውቀዋል። ዶ፣ ሬ፣ ሚ ብዬ ስወጣ በዚያው ምት ክላክስ ያደርጋል። ጡ! ጡ! ጡ! ሹፌሩ እንዴት እንደፈቀደለት እንጃ። እናቱ ምስሩን ያስቀምጡና «መጣ» ይላሉ። ለቀማውን ትተው ሽሮ ሊጥዱ ይገባሉ።

ፍቅር ነበር እንዴ? አይ፣ ፍቅር አይደለም። ወይም እንጃ። ልጅ ስለነበርኩ ራሴን እንኳ ሳልጠይቅ ሄደብኝ።

ትምህርቱ አልቆ ምዘናው ብቻ ሲቀር፣ አንድ ጠዋት በጡሩምባ ድምፅ ነቃሁ። ከሩቅ ነው፣ ከወንዙ በኩል። ከአልጋ ሳልወርድ ግድግዳው ተንኳኳ።

«ኧረ ተይ ልጄ፣ ገና አልነጋም!» አሉ እትዬ ከወዲያ ማዶ። ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ አለ። «ደግሞ ጀመረሽ?»

«እኔ አይደለሁም እትዬ» አልኩ።

ከዚያ በራቸው ተንኳኳ።

ለፋፊው ተሳስቶ ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ ነበር የጀመረው። ወጉ መጀመሪያ ሽማግሌዎች ገብተው መርዶውን ይነግራሉ፣ ቀጥሎ ነው የሚለፈፈው። እሱ ሰፈሩን ከታች ጀምሮ እየነፋ ሲመጣ እነሱ ገና በራፉ ላይ ቆመው ማን ይናገር እየተባባሉ ነበር። መኪናው በረሃው ላይ ተገልብጧል። ሹፌሩ ተርፏል። በግድግዳው በኩል የሰማሁትን ድምፅ አልጽፈውም። ጆሮዬን በትራስ ደፈንኩ፤ አልጠቀመኝም።

ድንኳን ተጣለ። ሰፈሩ እንደ ወጉ ፀጥ አለ፤ ሬዲዮ ተዘጋ፣ ቴሌቪዥን ያለው ድምፁን ቀነሰ፤ ከጎን ያሉት ሰዎች የልጃቸውን ልደት ተዉት። እናቴ ከጎረቤት ቤት አትወጣም፤ ታበስላለች፣ ታለቅሳለች፣ ትመለሳለች። እኔም ውኃ ስቀዳ፣ ብርጭቆ ሳጥብ ሰነበትኩ። ትራምፔቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ነው። በዚያ ሰሞን ማሰቡም አሳፈረኝ።

ድንኳኑ ተነሣ። ለቀስተኛው ሳሳ። ምዘናው ግን አርባው ከመውጣቱ በፊት ነበር፤ ቀኑም ተቆርጧል።

የትራምፔቱን አፍ ብቻ ነቅዬ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ልነፋ ሞከርኩ። እንደ ትልቅ ዝንብ ይጮኻል። ግድግዳው ወዲያ ማዶ አንድ ሰው ሲተነፍስ እንኳ ይሰማል፤ ተውኩት። አንድ ቀን ግን አላስችል አለኝ። ትራምፔቱን በከረጢት አድርጌ ወንዙ ዳር ወረድኩ። የአቃቂ ወንዝ የሚሸተውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እዚያ ጠረን ውስጥ አፌን ከፍቼ ትንፋሽ ልስብ! ስቤ ልነፋ ስል ማስመለስ መጣብኝ። እንደ ምንም ሁለት ሦስት ጊዜ ወጣሁ ወረድኩ። ከንፈሬ ሰንፏል። እንደገና ስጀምር ከማዶ ልብስ የምታጥብ አንዲት የሰፈራችን ሴት ቀና ብላ አየችኝ። እጇን አፏ ላይ ብቻ አደረገች።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል።

«እውነት ነው?» አለች እናቴ። ቆማ ነው። «አፈሩ ሳይደርቅ? አንድ ግድግዳ እየተጋራን?»

«ወንዝ ዳር ነው የነፋሁት! ማን ይሰማኛል?»

«ሰው ሰምቷል! ነገ እዚያ ቤት ገብቼ በምን ዓይኔ ነው የማያት?»

«ፈተናዬስ?»

«ፈተና ይደገማል፤ ሰው አይደገምም።»

ነደድኩ። «እትዬን ማን ጠየቃቸው? አንድ ቀን አፍሽን ከፍተሽ ጠይቀሻቸዋል? ትንፋ ወይስ አትንፋ ብለሽ?»

«አብደሻል? እንዲህ ያለ ነገር ለሐዘንተኛ ይነገራል?» አለች እናቴ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና ለመነችኝ። እናቴ ስትለምን አልወድም። «አርባው ይውጣ ልጄ። አርባው ብቻ ይውጣ።»

እናቴ ከለከለችኝ ብዬ ብናገር ግን ውሸት ይሆናል። እናቴ ባትኖርም አልነፋም ነበር። እሷ ገበያ የሄደች ቀን ከአልጋው ሥር አውጥቼ ከንፈሬ ላይ አድርጌዋለሁ። ያ የጠዋቱ «ደግሞ ጀመረሽ?» ጆሮዬ ውስጥ መጣ። መልሼ ጠቀለልኩት።

በዚያው ሳምንት እትዬ ጋ ገብቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጥቁር ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ግድግዳውን ያያሉ። የእኛን ግድግዳ። ድንገት ዞር ብለው «ትምህርት እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ዝግ ነው እትዬ።»

«ዝግ ነው» አሉ። እናቴ ውኃ አቀረበችላቸው፤ ወሬው በዚያው ቀረ።

ምዘናው የተደረገው ሌላ ተቋም ውስጥ ነው። ሦስት መዛኞች ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። ስኬሉን፣ ያንን ዶ ሬ ሚውን፣ ታች ሲሆን ደህና ጀመርኩ። ወደ ላይ ስወጣ ከንፈሬ ከዳኝ። ትንፋሽ አጥቼ አይደለም፤ ትንፋሽማ ሞልቶኛል። ከንፈሬ ነው እንደ እርጥብ ወረቀት የለሰለሰው። የላይኛው ኖታ ተሰነጠቀ። ድጋሚ ሞከርኩ፤ ድጋሚ ተሰነጠቀ። የተሰጠኝን ኖታ ማንበብማ አነበብኩት፤ ጣቶቼ አልተሳሳቱም። ምን ዋጋ አለው? ትራምፔት በጣት አይነፋም። አንደኛዋ መዛኝ «በቃ፣ እናመሰግናለን» አለች። በጣም በትሕትና ነው ያለችው፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አስተማሪያችን ኮሪደሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል። ስወጣ ከንፈሬን አዩና «ሰብቷል» አሉ። ይህን ብቻ።

ያኔ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ልጁን፣ ግድግዳውን፣ አርባውን፣ ወንዙን። እያለቀስኩ ነው የምናገረው። ተይ ብለው የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር፤ እንዲቆጡኝም ፈልጌ ነበር። ለሙያሽ ስትዪ መንፋት ነበረብሽ እንዲሉኝ። እሳቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ደግ አድርገሻል» አሉ። «እኔም ብሆን አልነፋም።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ «መሣሪያውን ሰኞ መልሺ፤ አዲሶቹ ይጠብቃሉ» አሉኝ።

ውጤቱ «ገና ብቁ አይደለም» ይላል። ወድቀሻል አይሉም፤ ሰው እንዳይከፋው ነው። ገና! ይቺን ገና የሚሏትን ቃል ያመጣው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኛል። ደግመሽ መመዘን ትችያለሽ ይሉሻል፤ በምን? በጣቴ? ሠልጣኝ መሆንሽ ሲያበቃ መሣሪያው ከእጅሽ ይወጣል፤ መሣሪያ ከሌለሽ ልምምድ የለም። ባንዱ አብሮኝ የተማረውን፣ ዘመዱ ትራምፔት ያመጣለትን ልጅ ወሰደው። ጎበዝ ነው፤ አልቀናሁበትም ብል ግን ማን ያምነኛል?

ሰኞ ትራምፔቱን መለስኩ። ጨርቁ የእኔ ስለሆነ ባዶውን አጣጥፌ ወደ ቤት ይዤው መጣሁ። እናቴ አየችውና እንዴት ሆነ ሳትለኝ ምሳ አቀረበችልኝ። ትንሽ ቆይቶ ቂሊንጦ አንድ ፋብሪካ ገባሁ፤ ማሸጊያ ክፍል። ጠዋት ሰርቪሱ ከአስፋልቱ ይወስደኛል። ሰርቪሱ ውስጥ ሴቶቹ «ምን ነበር የተማርሽው?» ሲሉኝ «ሙያ» እላቸዋለሁ። ምን ሙያ እንደሆነ የጠየቀችኝ የለችም።

አርባው ወጣ። ተዝካሩ ተበላ። የሚቀጥለው እሑድ ከሰዓት ደጃፋችን ላይ ተቀምጬ ልብስ ሳጥብ እትዬ ከቤታቸው ወጡ። በርጩማቸውን አመጡ፤ ምስር ግን አልያዙም። አጠገቤ ተቀመጡ። ዙሪያውን አዩ፣ ሰው እንደሌለ አረጋገጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ልጠይቅሽ» አሉ። «ምነው ጠፋሽብኝ?»

«አለሁ እኮ እትዬ፤ ሥራ ገብቼ ነው።»

«እሱን አይደለም። ጡሩምባሽን ነው የምልሽ።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ሁሌ ከምሳ በኋላ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አድርጌ እጠብቅሽ ነበር። ዛሬ ትነፋለች፣ ነገ ትነፋለች እያልኩ። በዚያች ሰዓት ብሰማሽ… እሱ መንገድ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር። ልልሽ አሰብኩ። ሐዘንተኛ ሆኜ፣ ድንኳኔ ሳይነሣ፣ ጡሩምባ ንፊልኝ ብል ሰው ምን ይለኛል? እናትሽስ ምን ትለኛለች? አበደች አይሉኝም?»

ምን ልበላቸው? ለእርስዎ ብዬ ነው ልበላቸው? በዚህ ላይ ደግሞ ይህን ላሸክማቸው? ዋጥኩት።

«አሁን ወጥቷል፤ አርባው ወጥቷል» አሉ። ዓይናቸው ልክ ልጅ የሆነ ነገር ሲለምን እንደሚያየው ነው። «አንዴ ብቻ ንፊልኝ።»

«መሣሪያው የትምህርት ቤቱ ነበር እትዬ። መለስኩት።»

«መለስሽው?»

«መለስኩት።»

ጥቂት አሰቡ። «ታዲያ በአፍሽ አትዪውም? ያንን፣ እየወጣ የሚሄደውን።»

እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ። ዶ አልኩ። ሬ አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነው፤ ዘፋኝ ሆኜ አላውቅም። ሚ ስል ወደ አስፋልቱ ዞረው ጆሯቸውን ሰጡ። መኪኖች ያልፋሉ። አንዱም ክላክስ አላደረገም።

«አይ፣ ይቅር ልጄ» አሉ እትዬ፣ በርጩማቸውን እያነሡ። «እሱ አይደለም።»